«ፎርማት ላድርገው?» ለሚለው ጥያቄ እሺ ከማለት በፊት፦ የውጫዊ ዲስክ ክፍሎችን በትዕዛዝ መስመር ለይቶ መክፈት

የአዲስ ዓመት በዓል ሊከበር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ከኦክላንድ ከተማ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ» እያልኩ የምጠራቸው፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። «ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ እሺ ልበለው ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ። ጥያቄው ምን እንደሆነ እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ቃል በቃል እየለቀሙ ያነበቡልኝ መልእክት፣ ዲስኩን ከመጠቀም በፊት ፎርማት ማድረግ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽና ፈቃዳቸውን የሚጠይቅ ነበር።

«እትዬ፣ እባክዎ ምንም አይንኩ። መስኮቱን ዝጉትና ገመዱን ንቀሉት፤ እኔ ዛሬውኑ እመጣለሁ» አልኳቸውና ከሳን ሆዜ ተነሥቼ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ነጐድኩ።

የእትዬ ባለቤት ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉ በሥራ ቀናት በመኪና ማቆሚያ እየሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ካሜራቸውን አንግበው በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖሩ ወገኖቻቸውን ሰርግ፣ ክርስትናና የበዓል ዝግጅት ይቀርጹ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የተጠራቀመው ምስል፣ የገዛ ልጆቻቸው ያደጉበትን ጨምሮ፣ የእጅ መዳፍ በምታህል አንዲት ጥቁር ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሌላ ቅጂ የለውም። ያን ቀን «እሺ» በሚለው ቁልፍ ላይ ያረፈ አንድ ጣት ያን ሁሉ ዘመን ከእጃቸው ሊያስወጣው ይችል ነበር።

ይህ ችግር በእትዬ ቤት ብቻ የሚታይ አይደለም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተቀመጠ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አይታጣም። ብዙዎቹ ግን ተበላሽተው ሳይሆን፣ የተሰኩበት ኮምፒዩተር ቋንቋቸውን ስላላወቀ ብቻ ዝም ያሉ ናቸው። ለመሆኑ ዲስኩ ምን እንደያዘ ሳይነኩ ማወቅ፣ ሳይጎዱም መክፈት የሚቻለው እንዴት ነው?

ኮምፒዩተሩ በእርግጥ የጠየቀው ምንድን ነው?

አንድ ዲስክ በሦስት ደረጃ የተደራጀ ነው። የመጀመሪያው ራሱ ዕቃው፣ ማለትም ቁጥር የተሰጣቸው በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ዘርፎች ናቸው። ሁለተኛው የክፍልፋይ ሰንጠረዥ ነው፤ ይህም የአንድ ግቢ የይዞታ ካርታ እንደማለት ሲሆን፣ የትኛው ክፍል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ክፍል ፓርቲሽን ይባላል። ሦስተኛው በየፓርቲሽኑ ውስጥ የሚገኘው የፋይል ሥርዓት ነው፤ እርሱም የትኛው ፋይል በየትኞቹ ዘርፎች ላይ እንደሰፈረ የሚገልጽ መዝገብ ነው።

ካርታው በሁለት ዓይነት ይዘጋጃል። የቆየው ኤምቢአር እ.ኤ.አ. በ1983 በፒሲ ዶስ 2.0 የመጣ ሲሆን፣ በዲስኩ የመጀመሪያ ዘርፍ፣ በ512 ባይት ውስጥ ይሰፍራል። ለሰንጠረዡ የቀረው ቦታ 64 ባይት ብቻ ስለሆነ ከአራት ዋና ፓርቲሽኖች በላይ አይመዘግብም፤ የዘርፍ ቁጥሮቹም በ32 ቢት ስለሚጻፉ፣ ባለ 512 ባይት ዘርፍ ባለው ዲስክ ላይ ከ2.2 ቴራባይት በላይ ማየት አይችልም። አዲሱ ጂፒቲ ይህን ገደብ ያነሣ ከመሆኑም በላይ የካርታውን ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያው ቢጎዳ መጨረሻው ይመሰክራል።

የፋይል ሥርዓቶቹ ደግሞ እንደየቤታቸው ይለያያሉ። ዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስን ይጠቀማል። ማክ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤችኤፍኤስ ፕላስን፣ ከ2017 ወዲህ ኤፒኤፍኤስን ያዘወትራል። በሊኑክስ ዘንድ የተለመደው ኤክስት4 ነው። ፋት32 እና ኤክስፋት በሁሉም ዘንድ ይነበባሉ፤ ይሁንና ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም።

እንግዲህ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ሲል «ዲስኩ ባዶ ነው» ማለቱ አይደለም። «እኔ የማውቀው ዓይነት መዝገብ አላገኘሁበትም» ማለቱ ነው። ግዕዝ የማያነብ ሰው ብራናውን «ባዶ ወረቀት ነው» ብሎ ቢፍቀው የሚደርሰው ጥፋት እዚህም ይደርሳል። የእትዬ ባለቤት ምስሎቻቸውን ያዘጋጁ የነበሩት በማክ ኮምፒዩተር ነበር፤ ማኩ ከሞተ ቆይቷል። ዲስኩ የተሰካው ግን በእህታቸው ልጅ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ነበር።

የዲስክ አገር

ነገሩ የሆነበት ቦታም ከነገሩ ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። ሃርድ ዲስክ የተወለደው በዚሁ አካባቢ፣ በሳን ሆዜ ከተማ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1952 በኖትር ዳም ጎዳና ቁጥር 99 አንድ የምርምር ማዕከል ከፈተ። መሪው ሬይኖልድ ጆንሰን ቀደም ሲል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበረና የፈተና ወረቀት የሚያርም መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ነበር። በ1956 ቡድኑ ራማክ የተሰኘውን ኮምፒዩተር ከነዲስክ ማከማቻው ለዓለም አቀረበ። ማከማቻው እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸውን 50 ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚያሽከረክር፣ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ነበር። ያ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ የሚሞላው መጠን። ታድሶ የሚሠራ አንድ ራማክ በማውንቴን ቪው ከተማ በሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም ይታያል።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦክላንድ ሲመጡ ደግሞ የታሪኩ ሌላ ምዕራፍ አለ። በሐበሻ ምግብ ቤቶቹ የታወቀው ቴሌግራፍ ጎዳና ከኦክላንድ መሐል ተነሥቶ በቀጥታ የሚያደርሰው ወደ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማርሻል ከርክ ማኩዚክና የሥራ ባልደረቦቹ ለዩኒክስ ፈጣን የፋይል ሥርዓት ሠሩ። ተዛማጅ መረጃዎችን በዲስኩ ላይ አቀራርቦ የማስቀመጥ ሐሳባቸው ዛሬ ሊኑክስ በሚጠቀምባቸው የኤክስት ሥርዓቶች ውስጥ ይኖራል።

«ማውንት» የሚለው ትዕዛዝም ዕድሜ ጠገብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥ ይገኛል። በዚያን ዘመን የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኛ ከባድ የዲስክ ጥቅል በእጁ አንሥቶ ማሽኑ ላይ ይጭን ነበርና ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው። በአማርኛ «መጫን» ብንለው በተገባ፤ ሆኖም ይህን ቃል ለሶፍትዌር ስለምንጠቀምበት ብዙዎቻችን «ማውንት ማድረግ» ማለቱን ለምደናል። ተቃራኒው ግን ያለ ጥርጥር «ማራገፍ» ነው። ጭነቱን ሳያራግፉ በቅሎዋን የሚለቅ የለም፤ ዲስክንም ሳያራግፉ ገመድ መንቀል እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ መለየት

በእትዬ ሳሎን ሊኑክስ የጫንኩበትን ላፕቶፕ ከፈትኩ። ከዚህ በታች ትዕዛዞቹን በአነባበባቸው እጽፋቸዋለሁ፤ በተርሚናሉ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዲስኩ ሳይሰካ «ኤልኤስቢኤልኬ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ትዕዛዝ በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉትን የማከማቻ ዕቃዎች ከነፓርቲሽኖቻቸው እንደ ዛፍ ዘርዝሮ ያሳያል፤ ምንም ነገር አይለውጥም። ከዚያ ዲስኩን ሰክቼ ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁ። ቀጭ ቀጭ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ወዲያውኑ ነቅዬ ለባለሙያ መስጠት ይገባኝ ነበር፤ ያ ድምፅ የሜካኒካዊ ጉዳት ምልክት ነውና። የተሰማኝ ግን ለስላሳ የመሽከርከር ድምፅ ነበር። ትዕዛዙን ደገምኩት። በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ብቻ የታየው አዲስ ስም የእኛ ዲስክ ነው፤ እርሱም «ኤስዲቢ» ተብሎ ተመዘገበ።

ስሞቹ ሥርዓት አላቸው። «ኤስዲ» ከሚሉት ሁለት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ዲስኩ የተገኘበትን ተራ ያመለክታል፤ ኤ የመጀመሪያው፣ ቢ ሁለተኛው። ከፊደሉ በኋላ ያለው ቁጥር ፓርቲሽኑን ይገልጻል። ስለዚህ ኤስዲቢ ሙሉው ዲስክ ሲሆን፣ ኤስዲቢ2 የዲስኩ ሁለተኛ ክፍል ነው። ይህን ልዩነት አለማስተዋል የብዙ ጥፋት ምንጭ ነው። ተራው ቋሚ አለመሆኑንም ልብ ይሏል፤ ዛሬ ኤስዲቢ የተባለው ነገ ሌላ ፍላሽ ቀድሞት ከተሰካ ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል።

ማንነቱን በአንድ ምልክት ብቻ ማመን አይበቃም። ሁለተኛው ምልክት መጠን ነው። በሳጥኑ ላይ 1 ቴራባይት የተባለ ዲስክ በዝርዝሩ ላይ 931.5 ጊጋ ሆኖ ይታያል። የጠፋ ነገር የለም፤ አምራቹ በ1,000 ሲያባዛ ትዕዛዙ በ1,024 ስለሚያካፍል ነው። ባለ 500 ጊጋባይቱም በዚሁ ስሌት 465.8 ይሆናል። ሦስተኛው ምልክት የፋይል ሥርዓቱ ዓይነት ነው። በዚያው ትዕዛዝ ላይ ጭረትና «ኤፍ» ፊደልን ሲጨምሩ ዓይነቱን፣ የተሰጠውን ስያሜና ዩዩአይዲ የተባለውን መለያ ቁጥር ያወጣል። ዩዩአይዲ ዲስኩ በየትኛውም ተራ ቢሰካ የማይለወጥ መታወቂያ ነው።

በእትዬ ዲስክ ላይ ሁለት ፓርቲሽኖች ታዩ። የመጀመሪያው 200 ሜጋባይት የሆነ ፋት ሲሆን፣ ማክ ዲስክ ሲያዘጋጅ ራሱ የሚያስቀምጠው ትንሽ ክፍል ነው፤ የሰው ፋይል የለበትም። ሁለተኛው 931.2 ጊጋ፣ ዓይነቱ ኤችኤፍኤስ ፕላስ፣ ስያሜው በላቲን ፊደል «ሰርግ 2»። እትዬ ስያሜውን ከስክሪኑ ላይ ሲያነቡ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዲስኩ ባዶ አልነበረም።

ለማንበብ ብቻ መክፈት

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ለየዲስኩ ፊደል አይሰጥም፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ሥር በሚወጣ አንድ ዛፍ ላይ ይሰፍራል። ዲስክን ማውንት ማድረግ ማለት በዛፉ ላይ አንድ ባዶ ፎልደር መርጦ፣ የፓርቲሽኑ ይዘት በዚያ በር በኩል እንዲታይ ማድረግ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ በሩን ሠራሁ፦

ሱዶ ኤምኬዲር /ኤምኤንቲ/ሰርግ

ቀጥሎ ከፈትኩ፦

ሱዶ ማውንት -ቲ ኤችኤፍኤስፕላስ -ኦ አርኦ /ዴቭ/ኤስዲቢ2 /ኤምኤንቲ/ሰርግ

የዚህ ሁሉ መስመር ልብ «አርኦ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ናቸው። ትርጉማቸው «ለማንበብ ብቻ» ነው። ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ የከረመ፣ ቅጂ የሌለው ዲስክ መጀመሪያ ሲከፈት አንድም ፊደል ሊጻፍበት አይገባም። በኤክስት4 ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥርዓት ያልተጠናቀቁ ሥራዎች የሚጻፉበት ማስታወሻ ስላለው፣ ለማንበብ ብቻ ሲከፈትም ማስታወሻውን ለማጠናቀቅ ዲስኩ ላይ ሊጽፍ ይችላል። «ኖሎድ» የሚለው ተጨማሪ ቃል ይህን ይከለክላል። ማክ ያላቸው አንባቢያን «ዲስክዩቲል ሊስት» ብለው ዝርዝሩን ካዩ በኋላ፣ «ዲስክዩቲል ማውንት ሪድኦንሊ» ከሚለው ቀጥሎ የፓርቲሽኑን ስም በመጻፍ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ።

ተርሚናሉ ምንም ሳይናገር ወደ መጠባበቂያው ተመለሰ። በትዕዛዝ መስመር ዓለም ዝምታ መልካም ዜና ነው። የፎልደሩን ይዘት ስዘረዝር ዓመታት በተርታ ቆሙ፤ በእያንዳንዱ ዓመት ሥር የሙሽሮችና የሕፃናት ስም።

ሲያቃስት ማስገደድ አይገባም

ደስታችን ብዙ አልቆየም። ፋይሎቹን ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ ከጀመርን ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ሥራው ቆመና «የግቤትና ውጤት ስሕተት» የሚል መልእክት መጣ። ይህ የቋንቋ ችግር አይደለም፤ የዲስኩ ዘርፎች መጎዳት መጀመራቸውን የሚያሳይ ነው። በዚህ ጊዜ የሰው ጠባይ እየደጋገሙ መሞከር ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ግን የደከመውን ዲስክ ይበልጥ ያደክመዋል።

ትክክለኛው መንገድ ፋይል በፋይል መገልበጡን ትቶ የሙሉውን ዲስክ አምሳያ ማንሣት ነው። ለዚህ የተሠራው ነጻ ሶፍትዌር ግኑ ዲዲሬስኪው ይባላል። ብልኃቱ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያነብባል፣ የሚያስቸግረውን እየዘለለ ያልፋል፣ የዘለለውንም በአንድ የካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል፤ ከዚያ ወደ ተዘለሉት ይመለሳል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ከካርታው አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል። ለምንጩ የምንሰጠው ሙሉውን ዲስክ፣ ኤስዲቢን፣ እንጂ አንዱን ፓርቲሽን አይደለም። መድረሻው ከምንጩ የሚበልጥ ቦታ ያለው፣ ፋት32 ያልሆነ ዲስክ መሆን አለበት። ምንጭና መድረሻ ከተቀያየሩ ግን ባዶው በሙሉው ላይ ይጻፋልና፣ የመግቢያ ቁልፉን ከመምታቴ በፊት መስመሩን ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እትዬም ከጎኔ ቆመው «ከአሮጌው ወደ አዲሱ» እያሉ ይከተሉኝ ነበር።

ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ አደረ። እኔም ሶፋው ላይ አደርኩ። ጠዋት ከመጠነኛ ክፍል በቀር ሁሉም ተነብቦ አገኘነው። አሮጌውን ዲስክ አራግፈን አስቀመጥነው፤ ከዚያ በኋላ የሠራነው በአምሳያው ላይ ብቻ ነው። «ሎሴትአፕ» የሚባለው ትዕዛዝ አንድን የአምሳያ ፋይል እንደ እውነተኛ ዲስክ አድርጎ ያቀርባል፤ ትልቁን «ፒ» ስንጨምርለት ፓርቲሽኖቹን ለይቶ ያወጣል፣ ትንሹ «አር» ደግሞ እንዳይጻፍበት ይጠብቃል። ከዚያ ማውንት የማድረጉ ሥራ ቀደም ሲል ካየነው አይለይም።

ማራገፍና ማስታወስ

ሥራ ሲያበቃ ትዕዛዙ «ዩማውንት» ነው፤ በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ የምንጠብቀው «ኤን» ፊደል እዚህ የለም፤ ብዙ ጀማሪ በዚህ ይሳሳታል። «ዒላማው ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ከመጣ አንድ ፕሮግራም ወይም ራሱ ተርሚናሉ በዚያ ፎልደር ውስጥ ቆሞ ይሆናል፤ ከፎልደሩ መውጣት ይበቃል። ሊኑክስ የሚጻፈውን መረጃ ለጊዜው በማስታወሻው ይዞ ስለሚቆይ፣ ትዕዛዙ ሳይመለስ ገመድ መንቀል አዲሱን ቅጂ ጎዶሎ ሊያደርገው ይችላል። ዲስኩን ዘወትር የሚጠቀም ሰው ዩዩአይዲውን በ«ኤፍኤስታብ» ፋይል ላይ «ኖፌይል» ከሚለው ቃል ጋር ቢያስመዘግበው፣ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ራሱ ይከፍተዋል፤ ዲስኩ ባይሰካም ሥራው አይስተጓጎልም።

ዲስኩ ተከፈተ ማለት ግን ሁሉ ተነበበ ማለት አይደለም። በአንድ ጥግ የተገኙት የእንግዶች ስም ዝርዝሮች ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆኑ። የአማርኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ ያሰፍሩት ነበር። ትክክለኛው ፎንት ሲገኝ ስሞቹ ይመለሳሉ። ስለዚህ አሮጌ ሰነድ የሚያስቀምጥ ሰው ፎንቱንም አብሮ ያስቀምጥ፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ ይለውጠው።

ባለሙያዎች የሚመክሩት ሕግ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚል ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ ቢያንስ አንዱ ከቤት ውጭ። ለበዓሉ ዋዜማ አንዱ ቅጂ እትዬ ዘንድ፣ ሁለተኛው ሳን ሆዜ ከሚኖሩት ልጃቸው ቤት፣ ሦስተኛው በክላውድ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ሰርጎች መካከላቸው ተቆርጧል፤ እነዚያን ማዳን አልቻልንም። ከተረፉት አንዱን ስንከፍት ከካሜራው ጀርባ የሟቹ ድምፅ ተሰማ። «ትንሽ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ሁላችሁም አልገባችሁልኝም» ይላሉ። ራሳቸው በምስሉ ውስጥ አይታዩም።

እትዬ ያን ቦታ መልሰው መላልሰው እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ በነጠላ ጠቅልለው መሳቢያቸው ውስጥ መለሱት። «እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ» አሉና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ።